ለኮምቦልቻዋ ዳንቴል ሠሪ፦ ይሉኝታውን ከትራሱ ላይ አንሱት

ጥያቄ፦ «ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። በኪሮሽ ሳይሆን በቦቢን፣ ማለትም ክር በተጠመጠመባቸው ትንንሽ የእንጨት ዘንጎች፣ ትራስ ላይ ስፒል እየተከሉ የሚሠራውን ዳንቴል ከሁለት የደሴ ጓደኞቼ ጋር እሑድ እሑድ እየተማርን ነው። ሦስታችንም ጀማሪ ነን። ሥራችን ዳር ዳሩ ይሰበሰባል፣ መሐሉ ይላላል። የጓደኛዬ ሥራ ሲበላሽ አይቼ እንዳይከፋት ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ያለ አስተማሪ ይቻላል? ወይስ አክስቴ 40,000 ብር ታበድረኝና አዲስ አበባ ሄጄ ልማር? ወንድሜ ‹የባልቴት ሥራሽን ትተሽ ልብስ ፋብሪካ የተገኘልሽን የጥራት ተቆጣጣሪነት ያዢ› ይላል። ሰርተፍኬትስ ያስፈልገኛል?»

መልስ፦ ያለ አስተማሪ ይቻላል። ደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝ የአስተማሪ መጥፋት ሳይሆን «ዝም ያልኩበት ቀን» ያልሽው ነው። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ሲማር ከሚያየው እኩል ይገሠጻል። እናንተ ዘንድ የጠፋው ገሣጭ ነው። ሦስት ጀማሪዎች ተከባብረው ዝም ከተባባሉ አንዱን ስህተት ሦስት ቦታ ያባዙታል።

ከእጁ እንጀምር። እንቅስቃሴው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ጥንድ፣ ማለትም አራት ቦቢን፣ ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለሽ ቁጠሪ። ቁጥሩ የቦታው ነው እንጂ የክሩ አይደለም፤ ክሩ ቦታ በቀየረ ቁጥር እንደገና ትቆጥሪያለሽ። ማሻገር ማለት 2ኛውን በ3ኛው ላይ ማሳለፍ ነው፤ ግራው በቀኙ ላይ። መጠምዘዝ ደግሞ በየጥንዱ ውስጥ ቀኙን በግራው ላይ ማሳለፍ ነው፤ 2ኛው በ1ኛው፣ 4ኛው በ3ኛው ላይ። ማሻገር፣ መጠምዘዝ፣ ማሻገር ስትይ ሸማ የመሰለ ድፍን ሥራ ይወጣል። ማሻገርና መጠምዘዝ ብቻ ሲደጋገም ወንፊት የመሰለው ይወጣል። አንዳችሁ ስትሠሩ ሌላዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምታይ ከሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጥባታል፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስህተት ስትፈቱም በመጣችሁበት ተመለሱ፦ የመጨረሻው እንቅስቃሴ መጀመሪያ ይፈታል።

አሁን ወደ ሕመማችሁ። ዳሩ የሚሰበሰበው ተሻጋሪው ጥንድ፣ ማለትም ከዳር እዳር የሚመላለሰው፣ ስፒሉን ዞሮ ሲመለስ ስለምትጎትቱት ነው። መጀመሪያ ቋሚዎቹን፣ ማለትም ተሻጋሪው የሚያልፍባቸውን ሌሎቹን ጥንዶች፣ ወደ ታች ወጠር አድርጉ፣ ከዚያ ተሻጋሪውን በቀስታ ሳቡ። ዳር ላይ ያሉትን ስፒሎች ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብሏቸው፣ የመሐሉን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ።

መሐሉ ሲላላ የምጠረጥረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ትራሱ። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ስፒሉ ይወዛወዛል፣ ክሩም አብሮት። ጥሩ አድርጎ የደረቀ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ በጥቅጥቅ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ እየጨመራችሁ በዱላ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ስፒል ሲተከል ትንሽ መታገል አለበት። ሁለተኛው ስፒልን ቶሎ መንቀል ነው። ቢያንስ የመጨረሻዎቹ አራት አምስት ሳንቲሜትር ላይ ያሉት ይቆዩ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያታልለው፣ ክሩ ነው። ቶርሾን የሚባለውን የጀማሪ ዳንቴል ባለ 5 ሚሊሜትር ካሬ ደብተር ላይ ነጥብ እየዘለላችሁ ከነደፋችሁት በአንዱ ዳር ተከታትለው የሚተከሉት ስፒሎች ርቀት 1 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክሩን እርሳስ ላይ ጎን ለጎን 12 ጊዜ ጠምጥሙት፤ ወደ 1 ሳንቲሜትር ከሸፈነ ልኩ ነው። ግማሹን ብቻ ከሸፈነ ወይ ክሩን አወፍሩ ወይ ካሬውን አጥብቡ። የስፌት ክር ለዚህ ንድፍ ይቀጥናል፣ ይንሸራተታልም። የእናቶቻችን ፈትል ቆንጆ ነው፣ ግን ነጠላ ስለሆነ ቦቢኑ በተንከባለለ ቁጥር ጥምዝምዙ እየተፈታ ይበጠሳል። የተደረበና ለስላሳ የጥጥ ዳንቴል ክር ይሻላል።

ከይሉኝታ የሚያወጣችሁ ደግሞ ይህ ነው። ሦስታችሁም አንድ ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ክር፣ ስድስት ስድስት ጥንድ ይዛችሁ 20 ሳንቲሜትር ሥሩ። ተሻጋሪውን ጥንድ ቀይ አድርጉት፣ የጠፋበት ቦታ ወዲያው ይታያል። በሚቀጥለው እሑድ ትራስ ተለዋወጡ። እያንዳንዷ የሌላዋ ሥራ ላይ ሦስት ጉድለት ፈልጋ ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ «ቆንጆ ነው» አይጻፍም። ወረቀቱን ከናሙናው ጋር ስፉት፦ የክሩ ዓይነት፣ የጥንዱ ብዛት፣ የፈጀው ሰዓት። ድፍኑ ሳይስተካከል ወደ ሸረሪቱና ወደ ማራገቢያው ንድፍ አትለፉ።

40,000 ብሩን አትንኪው። አሁን የሚያስፈልግሽ ቶርኖ ያለው አናጺ 10 ሳንቲሜትር የሚያህሉ፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ 20 ቦቢኖች እንዲያወጣልሽ ነው። አንገታቸው ላይ ክሩ የሚታሰርበት ቦይ ይኑር። ዘመድ ያበደረው ብር ወለድ ባይኖረውም ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ይጠየቃል።

ወንድምሽ በሥራው ልክ ነው፣ በስድቡ ተሳስቷል። በስሎቬኒያ የኢድሪያ ከተማ የዳንቴል ትምህርት ቤት ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ የአገሪቱ የቦቢን ዳንቴል ሥራም በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሒሳቡን አንቺም ሥሪው። ከለመድሽ በኋላ በሰዓት 5 ሳንቲሜትር ሠራሽ እንበል። 90 ሳንቲሜትር የሆነ የነጠላ ጫፍ 18 ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለቱ ጫፍ 36። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት በ1809 እ.ኤ.አ. የቦቢን መረብ የሚሠራ ማሽን ካስመዘገበ ወዲህ የእጅ ዳንቴል ዋጋ ከማሽን ጋር እየተወዳደረ ነው። የ36 ሰዓት ደመወዝሽን ነጠላ ላይ ጨምሮ የሚከፍል ገዢ አሁን በእጅሽ የለም። ስለዚህ ሥራውን ያዢ። የጥራት ጠረጴዛ ጉድለት አይቶ ምክንያቱን ፊት ለፊት መናገርን በየቀኑ ያስለምዳል፤ እሑድ የጎደላችሁም እሱ ነው። ደመወዙን ግን ቤተሰቡ «አንቺ ምን ወጪ አለብሽ» ብሎ እንዳይጠቀልለው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የክርሽን ለይተሽ አስቀምጪ። ወንድምሽም ይህን ይስማ።

ሰርተፍኬት? ለፋብሪካው ዲግሪሽ አለ። የዳንቴል ገዢ የሚያየው ዳሩን ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጪ ቦቢኖቹን ጥንድ በጥንድ ደርድረሽ በጨርቅ ጠቅልያቸውና ከትራሱ ጋር እሰሪያቸው፤ ስፒሎቹንም በሌላ ጨርቅ ሸፍኚ። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ያልታሰረ ቦቢን አይምርም።