የተጎዳ ቀለሃ ዳግም ይሞላል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የከብት በረት አጠገብ ካቆዩዋቸው የናስ ቀለሃዎች የትኞቹ ዳግም ሊሞሉ እንደሚችሉ ጠይቀዋል፤ ፈቃዱ እንዳለዎት በመገመት እመልሳለሁ። አፉ ላይ በመጠኑ ብቻ የተጎደጎደው በማስተካከያው (ቀለሃውን ጨምቆ ወደ ልኩ በሚመልሰው መሣሪያ) ሲያልፍ ስለሚቃና አያሳስብም፤ የተሰነጠቀው ግን ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቢቀጥንም ይወገድ። ይበልጥ የሚያሰጋው ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀለበት ነው፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ግድግዳውን ከውስጥ ሲዳስሱ ጎድጎድ ካለ ቦታ ላይ ከያዘ፣ ናሱ ስለሳሳ በተኩስ ጊዜ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በረቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው፦ ከከብት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ 30 በመቶ ገደማ ዚንክ ያለበትን ይህን ናስ ያሰነጥቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር በህንድ፣ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ባስቀመጣቸው ጥይቶች ላይ ያየው ይህንኑ ነበር። እኔ ብሆን እዚያ የከረሙትን፣ ደኅና የሚመስሉትንም ጭምር፣ አልሞላቸውም።