ጥያቄና መልስ፦ የሮማ ቄሣሮች ሥልጣን እንዴት ተያዘ፣ በምንስ ጸና?

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አውግስጦስ አገሩን በጦር ከያዘ በኋላ ለምን ራሱን አላነገሠም?

መልስ፦ የዩልየስ ቄሣር መጨረሻ ትምህርት ስለሆነው ነው። ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የዕድሜ ልክ አምባገነን ተብሎ ከተሰየመ ብዙም ሳይቆይ በሴኔቱ (በሮማ መኳንንት ምክር ቤት) ስብሰባ ላይ ተወግቶ ሞተ፤ ሮማውያን የመጨረሻውን ንጉሣቸውን ካባረሩ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም የንጉሥነትን ስም አጥብቀው ይጠሉ ነበር። የቄሣር የእኅቱ ልጅ ልጅና በኑዛዜው ልጅ ያደረገው ኦክታቪያን፣ በሉቃስ ወንጌል አውግስጦስ ቄሣር ተብሎ የምናውቀው ሰው፣ በ31 በአክቲየም የባሕር ጦርነት የሮማውን ጦር አለቃ አንቶኒንና የግብፅን ንግሥት ክሊዮፓትራን ካሸነፈ በኋላ ተቀናቃኝ አልነበረውም። ያም ሆኖ በ27 በጥር ወር ሴኔቱ ፊት ቀርቦ ሥልጣኑን እንደሚያስረክብ አስታወቀ። ሴኔቱ በምላሹ አውግስጦስ የሚለውን የክብር ስም ሰጠው፣ ሶርያን፣ ጋልንና አብዛኛውን እስፓንያ ለ10 ዓመት እንዲያስተዳድርም ወሰነ። ከጦሩ የሚበዛው የሰፈረው በእነዚህ ግዛቶች ስለነበር አስረከበ የተባለው ሥልጣን በሕግ ታትሞ ተመለሰለት።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሕግ ሥልጣኑ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር?

መልስ፦ አንድ ስም አልነበረውም፤ የጥንካሬው ምሥጢርም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ23 በየዓመቱ ይይዘው የነበረውን ቆንሱልነት የሚባለውን ከፍተኛ ሹመት ትቶ የሕዝብ ጠበቃ የሚባለውን የትሪቡንን ሥልጣን ያለ ሹመቱ ወሰደ። በዚህም ሕግ ማቅረብ፣ የሌላውን ባለ ሥልጣን ውሳኔ መሻር፣ አካሉም በሕግ የማይነካ መሆን ቻለ። በዚያው ዓመት በየግዛቱ ካሉት ገዢዎች የሚበልጥ የጦር ሥልጣን ተጨመረለት። እያንዳንዱ ሥልጣን የቆየና የተለመደ ነው፤ በአንድ ሰው እጅ ለዘለቄታው መሰብሰቡ ግን ከዚያ በፊት አልታየም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ያገኘው ደም ሳያፈስ ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ሊሸፋፈን አይገባም። ከልደት በፊት በ43 ከአንቶኒና ከሌላው የጦር አለቃ ከሌፒዱስ ጋር ሆኖ የሚገደሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር በአደባባይ አስለጠፈ። ታላቁ ተናጋሪ ኪኬሮ ከተገደሉት አንዱ ሲሆን፣ ራሱና እጁ ተቆርጦ ንግግር ያደርግበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ። በኋላ ሴኔቱ ፊት በትሕትና የቆመውም ይኸው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ወታደሩን በምን ያዘው?

መልስ፦ በገንዘብና በሥርዓት። ከእርሱ በፊት ወታደር ጡረታውን የሚጠብቀው ከጦር አለቃው ስለነበር ታማኝነቱም ለአለቃው ነበር። አውግስጦስ 60 ገደማ የነበሩትን ሌጌዎን የሚባሉ ታላላቅ የጦር ክፍሎች ወደ 28 ቀነሰ፣ የአገልግሎቱን ዘመን ወሰነ፤ ከልደት በኋላ በ6 ደግሞ ለተሰናባች ወታደሮች የሚከፍል ግምጃ ቤት አቋቋመ። ከራሱ ሀብት 170 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮማ ገንዘብ) ሰጠ፣ በውርስ ላይ 5 በመቶ ግብር ጣለ። የግብፅን እህል ለብቻው መያዙም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ያለ ፈቃዱ ሴናተር ግብፅ እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሷል።

ጥያቄ፦ ሥርዓቱ ድክመቱ የት ላይ ነበር?

መልስ፦ የአልጋ ወራሽ ሕግ አልነበረውም። አውግስጦስ ራሱን በስም ከማንገሥ ስለተቆጠበ ዙፋኑን በግልጽ ማውረስ አልቻለም፤ ያደረገው የእንጀራ ልጁን ጢባርዮስን ልጅ አድርጎ፣ የትሪቡኑን ሥልጣን በሕይወት ሳለ ማካፈል ነበር። ከልደት በኋላ በ41 ከጢባርዮስ ቀጥሎ የነገሠው ካሊጉላ ሲገደል ሴኔቱ ሲመክር የክብር ዘበኞቹ ቀላውዴዎስን ወደ ሰፈራቸው ወስደው አነገሡት፤ እርሱም ለእያንዳንዳቸው 15,000 ሴስተርስ ቃል ገባ። በ69 ደግሞ በአንድ ዓመት አራት ቄሣሮች ተፈራረቁ።

አራተኛው ቬስፓስያን ሥልጣኑን ያጸደቀለት ሕግ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ከፊሉ ዛሬም ሮም ውስጥ ይታያል። አውግስጦስ፣ ጢባርዮስና ቀላውዴዎስ የተፈቀደላቸው ሁሉ ለእርሱም እንዲፈቀድ ይደነግጋል፤ የካሊጉላና የኔሮን ስም ግን የለበትም። ሴኔቱ ያጸደቀለት በታኅሣሥ ነበር፤ ቬስፓስያን ግን ዘመነ መንግሥቱን የቆጠረው በእስክንድርያ ሌጌዎኖች ቄሣር ብለው ከጠሩበት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ነው።