የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት የ1958ቱ ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ ጥቁሩን ቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት ልገዛ አስቤያለሁ። ሻጩ «የ1958ቱ ሰዓት እንዳለ ተመልሶ የተሠራ ነው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዳለ አይደለም። ለስሙ («ሃምሳ ስምንት» ማለት ነው) መነሻ የሆነው እ.አ.አ. በ1958 የወጣው 7924 የተባለ የቱዶር የጠላቂዎች ሰዓት ነው። በ1954 የወጣው 7922 እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ሲችል 7924 ወደ 200 ሜትር ከፍ አለ፤ መሙያውም (ጎኑ ላይ ያለው የሚዞረው ቁልፍ) 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰብሳቢዎች «ቢግ ክራውን» (ትልቅ መሙያ) ይሉታል። በ2018 የወጣው ፊፍቲ ኤይት ትልቁን መሙያ ያለ ጎን መከለያ፣ በጥቁር ገጽ ላይ ያለውን ወርቃማ ጽሑፍና ልከኛውን መጠን (39 ሚሊ ሜትር) ከዚያ ዘመን ወስዷል።

ቆጣሪዎቹን ግን ልብ ብለው ይዩ። ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነው፣ «ስኖውፍሌክ» የሚባለው የሰዓት ቆጣሪ የመጣው በ1969 ነው፤ 7924 ላይ የነበረው ጫፉ ላይ ሦስት ቦታ የተከፈለ ክብ ያለበት ነበር። ገጹ ላይ ያለው ጋሻም ከ1958 በኋላ የመጣ ምልክት ነው፤ የድሮዋን የቱዶር ምልክት፣ ጽጌረዳዋን፣ መሙያው ላይ ያገኟታል። እኛ የቆጣሪውን ምርጫ እንደግፋለን፤ በጨለማ ሰዓቱን ከደቂቃው ጋር አያምታታም። የብረት ማሰሪያው ጎን ላይ ያሉት ሪቬቶች (ምስማር መሰል ማያያዣዎች) ግን ባይኖሩ ይሻል ነበር። የድሮው ማሰሪያ በእውነት በሪቬት የተያያዘ ነበር፤ የዛሬው ለመልክ ብቻ ነው፣ ተነቃዮቹን አንጓዎች የሚይዘው ብሎን ነው። ሲያሳጥሩት ስፋቱ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ቀጭን ከሆነ ተንሸራትቶ ስንጥቁን ይበላዋል።

ትልቁ ልዩነት ውስጥ ነው። የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ የቱዶርን ስም በ1926 ያስመዘገበው ጥራቱ የሚታመን ሰዓት በቀነሰ ዋጋ ለማቅረብ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን የጠላቂ ሰዓቶች የሮሌክስ የውጭ አካልና ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ማሽን ነበራቸው። የ2018ቱ ፊፍቲ ኤይት ግን የቱዶር የራሱ ማሽን አለው፤ ኤምቲ5402 ይባላል፣ የሲሊከን ጠመዝማዛ ሽቦ አለው፣ ሙሉ ከተሞላ 70 ሰዓት ይሄዳል። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ያወለቁት ሰኞ ጠዋት ሳይቆም ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የዚሁ ሰዓት መሙያ ሲዘጋ ይነክስብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይታገሉት። መሙያው እንደ ብሎን እየዞረ ነው የሚዘጋው፤ ጥርሶቹ ተዛንፈው ነው የገቡት፤ በኃይል ቢያጠብቁት ይላጣሉ፣ ውኃም ያስገባል። መልሰው ይፍቱት፣ በቀስታ ወደ ውስጥ እየተጫኑ መጀመሪያ ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ያዙሩት፤ ጥርሱ ገጥሞ ጠብ ሲል ይሰማዎታል፣ ያኔ ወደ ፊት ያጥብቁ። ከዚህ በኋላም ከነከሰ ለባለሙያ ያሳዩት፤ የውኃ መከላከያ ጎማውም በዚያው ይታይልዎ። እስከዚያ ግን እጅ ሲታጠቡም ቢሆን ያውልቁት።