የአንባቢያን ጥያቄ፦ በነፃ የሚታደል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለትምህርት ቤት ይታመናል?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። በክፍላችን ኮምፒዩተሮች ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 10 የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ተቋርጦበታል፤ ዊንዶውስ 11ን ደግሞ መሣሪያዎቹ ስላረጁ አይቀበሉትም። ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንድንጭን ሐሳብ ባቀርብም ባልደረቦቼ «ምንጩ ለማንም የተገለጠ፣ በነፃ የሚገኝ ነገር እንዴት ይታመናል?» ይላሉ። ኢንተርኔታችንም ደካማ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የባልደረቦችዎ ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

ሊኑክስን የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አድርጎ በቀጣዩ ዓመት ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር አውጥቶታል። ይህ ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፣ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ምንጭ) እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ያሻሻለውን ለሌላ የሚያድል ሰው ግን ያንኑ መብት አብሮ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በሁሉም ኮምፒዩተሮቻችሁ ላይ መጫን ሕጋዊ ነው። ከርነሉን፣ ማለትም መሣሪያውንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሊኑክስ እምብርት፣ ከሚያበለጽጉት መሐንዲሶች ብዙዎቹ እንደ ኢንቴል፣ ጎግልና ሬድ ሃት ባሉ ኩባንያዎች ተቀጥረው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በተማሪዎችዎ እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክም በዚሁ ከርነል ላይ የተሠራ ነው።

ኮዱ መገለጡ ግን ብቻውን ከአደጋ አያድንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ከሊኑክስ ጋር አብሮ በሚታደል፣ ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ፣ በተባባሪነት ለረጅም ጊዜ ሠርቶ አመኔታ ያተረፈ ሰው ስውር መግቢያ አስገብቶ ተገኝቷል። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያስጠረጠረውም ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ማስተዋሉ ነበር። የፕሮግራሙ አምራች ያልሆነው ይህ ሰው መዘግየቱን ተከታትሎ እስከ ሥሩ ሊደርስ የቻለው የሚመረምረው ነገር ስላልተዘጋበት ነው፤ ዋና ዋናዎቹ የተረጋጉ የሊኑክስ ስሪቶችም ሳይነኩ ተንኮሉ በሙከራ ስሪቶች ላይ ሳለ ተገታ። እኛ ለባልደረቦችዎ የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ አመኔታው የሚመነጨው ስሕተት ባለመኖሩ ሳይሆን፣ ስሕተቱን ከአምራቹ ውጭ ያለ ሰውም ሊያገኘው በመቻሉ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ዊንዶውስ፣ ማን ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ፣ ከሊኑክስ ይልቅ እጅግ ሊያሠጋችሁ ይገባል።

ለመሣሪያዎቻችሁ የምንመርጠው ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የተመደበለትን የሊኑክስ ሚንት ስሪት፣ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒዩተር በሚገባ ይስማማል። ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ቢያመጣው ለሁሉም ይበቃል። ሳይጭኑትም ከፍላሹ አስነሥተው ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ማየት ይችላሉ።

ሃርድ ዲስኩን ከማጽዳትዎ በፊት ግን ስለ አማርኛ ጽሑፎቻችሁ እንዲያስቡ አጥብቀን እንለምናለን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒዩተር ወደሚጻፉበት የጋራ ደረጃ) ስለገባ በዩኒኮድ የተጻፈው ሁሉ በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይነበባል፤ መክተቢያውም ተዘጋጅቶለታል። በቀደሙት የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ የፈተናና የደብዳቤ ፋይሎች ግን ፎንቶቹ በሌሉበት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ስለሚታዩ፣ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሯቸው፤ ቅጂያቸውንም በሌላ ዲስክ ያኑሩ። የሒሳብ ክፍሉ እንደ ፒችትሪ ያለ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ካለው ያንን ኮምፒዩተር አይንኩት፤ ከኢንተርኔት ብቻ ያርቁት።

ስለ ደካማው ኢንተርኔት ደግሞ፣ አንዱን ኮምፒዩተር አፕት ካሸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም ጭነው የማሻሻያ ማከማቻ ያድርጉት። አንድ ጊዜ ያወረደውን ማሻሻያ ሌሎቹ በክፍሉ የኔትወርክ ገመድ ከእርሱ ስለሚወስዱ፣ ያው ፋይል ለየኮምፒዩተሩ እየተደጋገመ ከውጭ አይወርድም።