ለጥንቸል ከፉርሽካ በፊት ድርቆሽ

መጀመሪያ ድርቆሽ ግዛ። «ጥንቸሌ ፉርሽካና ካሮት እየበላች በጠጧ አነሰ፣ ደቀቀ፤ ምን ልግዛላት?» ላልከው መልሱ ይሄ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ መጣል ጭራሽ ካቆመች ግን ገበያውን ተወውና ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት።

ደብረ ማርቆስ ሆነህ ድርቆሽ አታጣም፤ ለከብት የሚሸጠውን ጠይቅ። ከምትበላው ከአስር እጁ ስምንቱ ሣርና ድርቆሽ ይሁን። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደው ማኘኩ ነው። አንጀቷም ያለ አሰር (ፋይበር) በደንብ አይንቀሳቀስም። ፉርሽካውን በአንድ ቀን አታቋርጥ፣ በሳምንት ውስጥ እየቀነስክ ሂድ። ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ አልፎ አልፎ ቁራጭ ይበቃታል። የጤፍ ጭድ ደግሞ ለመኝታ ይሁን እንጂ ድርቆሽን አይተካላትም።

ከዚያ ሌላ ብዙ ወጪ የለብህም፦

1. ውሃ በከባድ የሸክላ ጣባ። ቀላል ሳህን ትገለብጠዋለች።
2. ወለሉ ሽቦ ያልሆነ ሰፊ ሳጥን። ሽቦ እግሯን ያቆስላል።
3. መደበቂያ ካርቶን። ታኝከዋለች፣ ግድ የለም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ክረምት ላይ ድርቆሹን ግድግዳ አስጠግቼ አስቀምጬው ውስጡ ሻገተ። ከላይ ደህና ስለሚመስል ለራሴ ጥንቸል ሰጠኋት፤ ሁለት ቀን ታማ አስጨነቀችኝ። አሁን እርብራብ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ከመስጠቴ በፊትም አሸተዋለሁ።