ዘፈኑ ሲያልቅ ስማቸውን ጥሩ

ራዲዮ ላይ የድሮ ሶል ሙዚቃ ማጫወት ለምትመኙ ልጆቼ፣

ደስ የማይለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ ሥራ እንጀራ አይሆንም። ለእኔም ሆኖኝ አያውቅም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ራዲዮ ጣቢያ፣ ቅዳሜ ማታ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ሶል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈን፣ ሳጫውት ነው ያረጀሁት። የቤት ኪራይ የከፈለልኝ፣ ልጆች ያሳደገልኝ ግን ቀን ቀን የምሠራበት ፓርኪንግ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። በሙያው አንቱ የተባሉትም እንዲሁ እንደኖሩ እንድታውቁ ነው።

ቴነሲ ውስጥ ሜምፊስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ደብሊውዲአይኤ የሚባል ራዲዮ ጣቢያ ገበያ ጠፍቶበት ነበር። በ1948 ናት ዲ ዊሊያምስ የሚባሉ ጥቁር የታሪክ መምህር ማይክ ፊት ተቀመጡ። በዚያ ዘመን፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙን በሙሉ ለጥቁር አድማጮች አደረገ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ግን ማስተማራቸውን አልተዉም። ተማሪያቸው የነበረው ሩፎስ ቶማስም ኋላ እዚያው ጣቢያ ገባ። እሱ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ይውልና ከዚያ ወጥቶ ነበር ስቱዲዮ የሚገባው። በዚያ ላይ ዘፋኝ ነው። ኋላ ስታክስ የተባለው የሜምፊስ ሙዚቃ ቤት በ1960 ያወጣው የመጀመሪያው ተወዳጅ ዘፈን የእሱና የልጁ የካርላ ነው።

ስለዚህ የቀን ሥራችሁን አትናቁት። ደመወዛችሁ ከሌላ ቦታ ከመጣ፣ ምን እንደምታጫውቱ ማንም አያዝዛችሁም። አሜሪካ ውስጥ ዲጄዎች ከሸክላ አሳታሚዎች በድብቅ ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ያጫውቱ ነበር። ነገሩ አፍጥጦ ወጥቶ ኮንግረስ ድረስ ደረሰ። በ1960 በሕግ ተከለከለ። ዛሬ የጉቦው ፖስታ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ግብዣ ይሆናል፣ ስጦታ ይሆናል፣ "ይቺን ዘፈን አንድ ሁለቴ ብቻ" የሚል ወዳጅ ይሆናል። አትቀበሉ። አድማጭ ምርጫችሁን ያመነ ዕለት ነው ዲጄ የምትሆኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ምክር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ የሠሩትን ሰዎች ስም ጥሩ። የዘፋኙን ብቻ አይደለም። ማን ጻፈው? ማን አቀናበረው? ቤዙን ማን ተጫወተው? የት ተቀረጸ? በስንት ዓመተ ምሕረት?

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳችሁ። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ቤት ያወጣቸውን ዘፈኖች የማያውቅ የለም። በ1960ዎቹ ዓለም ሁሉ ጨፍሮባቸዋል። ዲትሮይት፣ ዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ ባለ ተራ ቤት ውስጥ ነው የተቀረጹት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ግን ስማቸው የሸክላው ሽፋን ላይ አይወጣም ነበር። ጄምስ ጄመርሰንን ውሰዱት። ያ ቤዝ ጊታር እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው የሚናገረው። ዓመታት ሙሉ ሰው በእሱ ጣት ሲጨፍር ስሙን አያውቅም ነበር። በ1971 የማርቪን ጌይ "ዋትስ ጎይንግ ኦን" አልበም ሲወጣ ነው የጄመርሰንና የጓደኞቹ ስም ሽፋኑ ላይ የታተመው። ጄመርሰን በ1983 ሞተ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው በ2000 ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አዎ፣ ግን የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው።

የተገላቢጦሹንም ስሙ። በእንግሊዝ ሰሜናዊ ከተሞች በ1970ዎቹ ወጣቶች የማይታወቁ የአሜሪካ ሶል ሸክላዎች እየፈለጉ እስኪነጋ ይጨፍሩ ነበር። ዊጋን ካሲኖ የሚባለው አዳራሽ የታወቀው በዚህ ነው። እኒያ ልጆች ሙዚቃውን እንደ ነፍሳቸው ይወዱት ነበር። ያለ እነሱ ስንቱ ዘፈን ተቀብሮ ይቀር ነበር። ዲጄዎቹ ግን ብርቅ ሸክላ ሲያገኙ ተፎካካሪ እንዳያውቅባቸው መሃሉ ላይ ወረቀት ይለጥፉና የሌላ ዘፋኝ ስም ይሰጡታል። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 ለሞታውን የሠራው አንድ ሸክላ ገበያ ሳይወጣ ቀርቶ የተረፈው በጣት የሚቆጠር ቅጂ ነው። ያ ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው ኤዲ ፎስተር በሚል ስም ነው። በ2009 አንዱ ቅጂ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። የዲጄዎቹ ፉክክር ይገባኛል። ድርጊቱን ግን ዛሬም አልወደውም። የሰው ድካም በሌላ ሰው ስም ሲጨፈርበት ያመኛል።

የእኛም አገር ከዚህ የራቀ አይደለም። አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ በቃኘው ስቴሽን በኩል የወታደሮቹ ሙዚቃ ወደ እኛ ሰዎች ጆሮ ገብቷል። የአሜሪካዊው ሶል ዘፋኝ የጄምስ ብራውን ጩኸት አለማየሁ እሸቴ ላይ ይሰማል። ብዙነሽ በቀለን ከአሜሪካዊቷ ሶል ዘፋኝ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር የሚያመሳስሏት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ብዙነሽ ብዙነሽ ናት ባይ ነኝ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ባይጀምር ኖሮ የዚያን ዘመን ድምፅ ግማሹን አንሰማውም ነበር። ታዲያ የዘፋኞቹን ስም እንጠራለን። ከኋላ ያሉትንስ? ግርማ በየነ ስንቱን ዘፈን አቀናብሮ፣ ፒያኖ ተጫውቶ፣ ራሱም ዘፍኖ ሲያበቃ እዚሁ ዲሲ ቤንዚን ማደያ ሠርቷል። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀረና ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀረጸው ሙዚቃ በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ፈልጎ ያገኘው። ያን ሁሉ ዓመት ከኤርፖርት የጫናቸው ሰዎች ማን እንደሚነዳቸው አያውቁም።

እንግዲህ ስሙ ከየት ይገኛል ትሉኛላችሁ። ከሸክላው ጀምሩ። አንድ ባለ 45 ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን፣ ያዙ። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ንኩ፣ ዘፈኑ የተቀረጸበትን ጥቁሩን ክፍል በጣታችሁ አትንኩት። ከርዕሱ ሥር በቅንፍ፣ በደቃቃ ፊደል የተጻፉ ስሞች አሉ። ደራሲዎቹ ናቸው። "ሪስፔክት" የተባለውን የአሬታን ሸክላ ብታዩ የምታገኙት የኦቲስ ሬዲንግን ስም ነው። እሱ በ1965 ዘፍኖት ነበር። እሷ በ1967 ወስዳ ሌላ ነገር አደረገችው። ይህን አንድ ነገር ነግራችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ ብታጫውቱ አድማጭ ከመኪናው አይወርድም። ከዚያ ዝቅ ስትሉ የፕሮዲዩሰሩን፣ ቀረጻውን የመራውን ሰው፣ ስም ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴም ያቀናባሪውን። ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብሉት። ዘፈኑ አልቆ መርፌው የሚያርፍበት ለስላሳ ቦታ ላይ በእጅ የተጫሩ ቁጥሮችና ምልክቶች አሉ። የትኛው እትም እንደሆነ የሚለየው በእነሱ ነው። ሙዚቀኞቹ እዚያ አይጻፉም። እነሱን በኋላ ከወጡ አልበሞች፣ ከቃለ ምልልስ፣ ከሽማግሌዎች አፍ ትለቅማላችሁ።

ሸክላ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ደግሞ አትመኑ። በ1964 የወጣው፣ ራይቸስ ብራዘርስ የሚባሉት ሁለት ዘፋኞች ታዋቂ ዘፈን ላይ ርዝመቱ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ተብሎ ታትሟል። እውነተኛው 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ነው። የራዲዮ ሰዎች ረጅም ዘፈን አናጫውትም ስለሚሉ ፕሮዲዩሰሩ ፊል ስፔክተር ሆን ብሎ ያስደረገው ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ራሳችሁ ያዙ። እኔ ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ካርድ ነበረኝ። ዘፋኙ ድምፁን እስኪያሰማ ያለው መግቢያ ስንት ሰከንድ ነው፣ አልቆ ነው ወይስ ድምፁ እየቀነሰ ነው የሚጠፋው፣ ማን ጻፈ፣ ማን ተጫወተ። ያን ካርድ ለመሙላት ሳምንት የፈጀብኝ ዘፈን አለ። እናንተ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ግን ጻፉት።

ስም ጥሩ አልኩ እንጂ አፍ አብዙ አላልኩም። በ1976 ሜልቪን ሊንዚ የሚባል የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የሰው ቀሪ ለመሸፈን የዩኒቨርሲቲው ራዲዮ ጣቢያ፣ ደብሊውኤችዩአር፣ ስቱዲዮ ገባ። ያስገባችው የጣቢያው ኃላፊ ካቲ ሂውዝ ናት። ልጁ ቀስ ያሉ የፍቅር ዘፈኖችን አከታትሎ አጫወተ። ፕሮግራሙ ከስሞኪ ሮቢንሰን ዘፈን ስሙን ወስዶ "ክዋየት ስቶርም" ተባለ። ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ ያልቀዳው ጣቢያ የለም። ልጁ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ለሙዚቃው ይለቅለታል። በሌላ በኩል ናሽቪል ውስጥ ጆን ሪችበርግ ነበር፣ "ጆን አር" የሚሉት። በ50,000 ዋት ጣቢያ ሌሊት ሌሊት ደቡቡን ሁሉ ያዳርሳል። ነጭ ነው፤ ብዙ አድማጭ ግን ጥቁር ይመስለው ነበር። እሱ ማስታወቂያውንም እንደ ወግ ነበር የሚያወራው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የራሳችሁን ድምፅ ይዛችሁ ግቡ። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ግን የእናንተ አፍ ይዘጋ።

የአንድ ከተማ ራዲዮ የከተማው ነው። ይህን ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አሳይተዋል። በ1967 ዲትሮይት በዓመፅ ስትቃጠል የራዲዮ አቅራቢዋ ማርታ ጂን፣ "ንግሥቲቱ" የሚሏት፣ 48 ሰዓት ማይክ ላይ ቆይታ ሕዝቡን አረጋጋች። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የራዲዮ አቅራቢው ፒቲ ግሪን የዲሲን ሰው ቤት ግቡ እያለ በራዲዮ ለመነ። ያኔ የነደደው ዩ ስትሪት አካባቢ ኋላ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፈቱበት። ዛሬ ክትፎ የምንበላበት ሠፈር ነው። ታዲያ እዚያ ተቀምጣችሁ ስትበሉ ጥግ ላይ ያሉትን ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ሰላም በሉ። በዚያው አካባቢ ባለው ሐዋርድ ቲያትር መድረክ ላይ ማንን እንዳዩ ጠይቋቸው። እኔ የማውቀውን ብዙውን የተማርኩት እንደዚህ ነው። አንዲት እናት ነበሩ፤ ከሆስፒታል ሌሊት ሥራ ሲመለሱ ያዳምጡኛል። ከአጃቢ ድምፃውያን አንዷን በስም የጠራሁ ማታ ስልክ ደወሉ። "ልጄ፣ እሷን እኮ ቤተክርስቲያን ስትዘምር ነው የማውቃት" አሉኝ። ከዚያ ስለ እሷ ያወሩኝን በማግሥቱ ካርዴ ላይ ጻፍኩት።

ክፉ ጊዜም ይመጣል። አንድ ሌላ ጣቢያ ፕሮግራሜን ወደ እኩለ ሌሊት ገፍቶ፣ በኋላም ኮምፒውተር በሚመርጣቸው ዘፈኖች ተካው። ከ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ ወዲህ በአሜሪካ አንድ ኩባንያ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች መያዝ ስለቻለ ብዙ ሰው እንዲሁ ሆኗል። ዘፈኑ ይመጣል፣ ያልቃል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ የማንም ስም አይነሳም። እኔም ተናደድኩ፤ ካርዶቼን ይዤ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄድኩ። እናንተ ደግሞ ጣቢያ እንኳ አያስፈልጋችሁም። ፖድካስት አለ፣ ዩቲዩብ አለ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። ከ1970ዎቹ አንድ የምትወዱትን የአገራችንን ዘፈን ምረጡ። ያጀበው ባንድ ማን እንደሆነ ሸክላው ላይ እዩ። ከአባላቱ በሕይወት ያለ ካለ አፈላልጉ። አዲስ አበባም፣ ዲሲም፣ ሌላም ቦታ አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጊዜ እንዲሰጧችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ቀን ነው ወይስ ሌሊት የቀረጻችሁት? ስንት ማይክ ነበር? ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ስንት ብር ተከፈላችሁ? ስልካችሁ ላይ ቅረጹ፤ የሰማችሁትንም ከሌላ ሰው አጣሩ። ድራም የመቱትን ካገኛችሁ መጀመሪያ እሳቸውን አናግሩ። ከኋላ ተቀምጠው ሁሉንም ያዩ ስለነበር ማን የት እንደቆመ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው።