ፎቶው እኔ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ደንበኞቼ ጋ ግን ቀይ ኤክስ ነው

ከመሐል ሜዳ አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በርኖስ አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች እናከፋፍላለን። የዋጋ ዝርዝሩን ከነፎቶው በወርድ እሠራና ኮፒ አድርጌ ኢሜይሉ ላይ ፔስት አደርገዋለሁ። እኔ ጋ በደንብ ይታያል። ደንበኞቼ ግን ባዶ ሳጥንና ቀይ ኤክስ ነው የምናየው ይሉኛል። ከድረ ገጻችን ያመጣሁትን አርማ አንድ ነገር ሲጫኑ ያዩታል፣ የባናውን ፎቶ ግን ጭራሽ። የተበላሸው የኔ ኮምፒውተር ነው ወይስ የነሱ?»

እህቴ፣ ያንቺም የነሱም ኮምፒውተር ደህና ነው። ፎርማት ይደረግ የሚልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ያዢ። ጥያቄሽ ውስጥ ግን መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ አርማው ሲጫኑት ይመጣል፣ ፎቶው አይመጣም። ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብሽ።

ኢሜይል ላይ ፎቶ የሚታየው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፎቶው ራሱ መልእክቱ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ፎቶው አይሄድም፣ የሚሄደው ያለበት አድራሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ የተቀባዩ ኢሜይል አድራሻውን ይዞ ሄዶ ያመጣዋል። ባናውን በመኪና ጭኖ መላክና «ባናው እገሌ ቤት ስላለ ሄደህ ውሰድ» ብሎ ወረቀት መላክ እንደማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቤት ከተቆለፈ፣ ተቀባዩ ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን ደንበኛሽ ጋ ደውዪና ቀይ ኤክሱ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብልሽ ጠይቂው። ብዙ ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አውትሉክ የሚባለው የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፕሮግራም ላይ (ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቆየው ዓይነት) ቀይ ኤክስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ፎቶውን ለማውረድ ራይት ክሊክ አድርግ፣ ለደህንነትህ ብለን ከኢንተርኔት እንዳይወርድ ከልክለነዋል» የሚል ነው። ሌላኛው «ሊንኩ ላይ ያለው ምስል ሊታይ አይችልም፣ ፋይሉ ቦታ ተቀይሮ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል» ይላል። ቀለማቸው ያው ነው፣ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው ከሆነ ፎቶው አለ፣ ተቀባዩ ፈቃድ አልሰጠም። ሁለተኛው ከሆነ አድራሻው ላይ ምንም የለም፣ ደንበኛሽ ቀኑን ሙሉ ቢጫን አይመጣም።

አርማሽ የመጀመሪያው ነው። አውትሉክ ከኢንተርኔት የሚመጣ ፎቶን ዝም ብሎ አይከፍትም፣ ተንደርበርድ የሚባለው ሌላ የኢሜይል ፕሮግራምም እንደዚያው። ምክንያት አላቸው። ማስታወቂያ የሚልኩ ሰዎች በዓይን የማትታይ የአንድ ፒክስል ምስል መልእክቱ ውስጥ ይከታሉ፤ አንቺ መልእክቱን ስትከፍቺው ምስሏ ከነሱ ሰርቨር (ፋይሉ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) ትጠራለች፣ እነሱም መቼ እንደከፈትሽውና ከየትኛው አይፒ (የኢንተርኔት መስመርሽ መለያ ቁጥር) እንደሆነ ያውቃሉ። ጂሜይል ከ2013 ጀምሮ ፎቶዎቹን በራሱ ሰርቨር በኩል እያሳለፈ ስለሚያሳይ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ምንም መጫን አይጠበቅበትም፤ ግን ሴቲንግ ውስጥ «ፎቶ ከማሳየትህ በፊት ጠይቀኝ» የሚለውን የመረጠ ሰው ወይም መልእክትሽ ስፓም ውስጥ የገባበት ሰው አሁንም አያየውም። ስለዚህ ደንበኞችሽን «ሁሉንም ፎቶ ክፈቱ» ብለሽ አታስቸግሪያቸው፣ ለነሱም ጥሩ አይደለም። ያንቺን አድራሻ ብቻ ከሚታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። አውትሉክ ላይ መልእክቱን ራይት ክሊክ አድርገው ጃንክ የሚለው ስር ያገኙታል፣ ሁለት ክሊክ ነው።

የባናው ፎቶ ነው ዋናው ጉዳይ። ከወርድ ኮፒ ስታደርጊ ወርድ ፎቶዎቹን ኮምፒውተርሽ ላይ ቴምፕ የሚባል ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ኢሜይሉ ላይ ፔስት ስታደርጊ ጽሑፉ ይገባል፣ በፎቶው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው የዚያ ፎልደር አድራሻ ነው። ኮምፒውተርሽ ላይ የተጫነው የኢሜይል ፕሮግራም አድራሻውን ሲያይ ፋይሉን እዚያው ያገኘዋል፣ ስለዚህ ይታይሻል። መርካቶ ያለው ደንበኛሽ ግን ያንቺ ሲ ድራይቭ ውስጥ መግባት አይችልም። እንዲያውም አንድ ቀን ዲስክሽን ስታጸጂ አንቺም ጋ ይጠፋል።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ፣ በጂሜይል የላክሽው መልእክት ላይ ሦስቱን ነጥብ ተጫኚና የመልእክቱን ኦሪጅናል የሚያሳየውን ምረጪ። ብዙ ዝባዝንኬ ይመጣል፣ አትደንግጪ። ፈልግ የሚለው ላይ «ኤስ አር ሲ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጻፊ፤ የአማርኛ መልእክት በኮድ ተጠቅልሎ ሊሄድ ስለሚችል ግን ሁልጊዜ ላይገኙ ይችላሉ። ከነሱ ቀጥሎ «ሲ አይ ዲ» የሚል ካለ ፎቶው አብሮ ሄዷል። «ኤች ቲ ቲ ፒ» ካለ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። «ፋይል» ብሎ ከጀመረ ግን ያው ያልኩሽ ነው፣ ፎቶው ከመሐል ሜዳ አልወጣም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉን ብቻ ከወርድ አምጪ። ፎቶውን ግን ከኢሜይሉ ታች ባለችው የፎቶ ምልክት ራሱ ከተቀመጠበት ፎልደር አስገቢው፤ ጂሜይል መልእክቱ መሀል ይግባ ወይስ አታች ይደረግ ብሎ ይጠይቅሻል፣ መሀል የሚለውን ምረጪ። አውትሉክ የምትጠቀሚ ከሆነ ኢንሰርት ከሚለው ቁልፍ ጎን ትንሽ ቀስት አለች፤ እሷ ስር ፋይሉን በሊንክ አስገባ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን እንዳትነኪው።

ስለ ፎቶው መጠንም ልንገርሽ። የስልክ ፎቶ አንዱ ብቻውን 4 እና 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አይልክም፤ ስለዚህ ፎቶውን ማሳነስ ይሻላል። ስፋቱን 1200 ፒክስል አድርጊና ጄፔግ አድርገሽ ሴቭ አድርጊው፣ የሱፉ ጥለት በደንብ ይታያል። በአይፎን የሚያነሳልሽ ሰው ካለ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማቱን ከሁሉም ጋር የሚስማማው ላይ እንዲያደርገው ንገሪው፣ አለዚያ ሄይክ በሚባለው ስለሚያስቀምጠው ብዙ ዊንዶውስ አይከፍተውም። አርማውም ፒኤንጂ ይሁን፤ ኤስቪጂ ከሆነ ጂሜይልም አያሳየውም።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አርማውንም ከድረ ገጽ አልጠራውም፣ እንደ ፎቶው መልእክቱ ውስጥ እከተዋለሁ። ሙሉ የዋጋ ዝርዝሩን ፒዲኤፍ አድርጌ አታች አደርጋለሁ፣ መልእክቱ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ ብቻ አስገባለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥርሽን ፎቶ ላይ አትጻፊ። በጽሑፍ ይሁን። ደብረ ሲና ወይም አጣዬ ላይ በስልኩ የሚያነብ ነጋዴ ኔትወርኩ ደክሞ ፎቶው ባይመጣለት እንኳ ዋጋውን አይቶ ይደውልልሻል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ሁሉም አይተው አንድ ደንበኛ ብቻ ካልታየው ችግሩ እሱ ጋ ነው። አውትሉኩ ሁሉንም መልእክት በጽሑፍ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ይሆናል፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ትረስት ሴንተር የሚለው ጋ ገብቶ ምልክቱን ያንሳ። አለዚያም ኦፕሽንስ ውስጥ ሜይል፣ ከዚያ ኤዲተር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ገብቶ በፎቶ ቦታ ባዶ ሳጥን አሳይ የሚለውን ያጥፋ። ሁለተኛው ብዙም አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ሰው አያስበውም።

ለደንበኛ ከመላክሽ በፊት ለራስሽ ሌላ አድራሻ ላኪና ከስልክ ላይ ክፈቺው። ከዚያው ኮምፒውተር ከከፈትሽው ግን ፈተና አይባልም፣ ፋይሉ እዚያው ስላለ ሊሸውድሽ ይችላል። አሁንም እምቢ ካለሽ ደንበኛሽ ሦስቱን ነጥብ ተጭኖ መልእክቱን ዳውንሎድ ያድርግና ፋይሉን አታች አድርጎ ይላክልሽ፣ አንቺም ለኔ ላኪልኝ። ፎርዋርድ አያድርገው፤ ፎርዋርድ ሲደረግ ውስጡ ስለሚቀየር የማየው ነገር አይኖረኝም።